ጉዲፈቻ በድረ ገጽ ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ስለ ሳጉሬ አንዲት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፎ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ዓረፍተ ነገሯ «ሳጉሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የአርሲ ከተማ ናት» የምትል ናት እንበል። ከአማርኛው ስም ቀጥሎ ደግሞ ስሟን በቁቤ ማስቀመጥ ፈለግን። አርሲ ውስጥ ይሄ ቅንጦት አይደለም። ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ ነው። ሁለቱ ፊደሎች አንድ ታፔላ ላይ፣ አንድ ማህተም ላይ፣ አንዳንዴም አንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ።

ያኔ ግን አማርኛን ስክሪን ላይ የሚያቆመው ሳጥን ነበር። ሳጥኑ ቶሎ ከተዘጋ፣ ከዚያ በኋላ ያለው አማርኛ በሙሉ ትርጉም ወደሌለው የላቲን ምልክት ይለወጣል። ሳይዘጋ ከቀረ ደግሞ የቁቤው ስም ትርጉም ወደሌለው የግዕዝ ፊደል ይለወጣል። አንድ መዝጊያ ቦታውን በመሳቱ ብቻ ከተማዋ ከሁለቱ ስሞቿ አንዱን ታጣለች።

ሳጥን የምለው ኤችቲኤምኤል ውስጥ ኤለመንት የሚባለውን ነው። ድረ ገጽ የሚሠራው አንዱን ኤለመንት በሌላው ውስጥ እየከተቱ ነው። አንቀጽ በክፍል ውስጥ፣ ሊንክ በአንቀጽ ውስጥ፣ ደማቅ ቃል በሊንክ ውስጥ። ይህ ጽሑፍ የሁለት ጥያቄዎች ታሪክ ነው። ማን በማን ውስጥ ይገባል? ቦታውን የሳተውስ ምን ይደረጋል? ጥያቄዎቹ እንደኔ ኮድ በመጻፍ የሚተዳደሩ ሰዎችን ብቻ የሚመለከቱ ይመስላሉ። ነገር ግን አማርኛ ኢንተርኔት ላይ ይነበብ አይነበብ የሚለው ነገር ለዓመታት የተንጠለጠለው እነሱ ላይ ነበር። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ውሰዱልኝ።)

ጋቢው ቀድሞ ይወልቃል

የመጀመሪያው ሕግ ስለ ቅደም ተከተል ነው። ሳጉሬ ደጋ ናት። ማለዳ የሚወጣ ሰው ሸሚዝ ይለብሳል፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ኮት፣ ብርዱ ከጠና ጋቢ ይደርባል። ቤት ሲገባ ቀድሞ የሚያወልቀው ጋቢውን ነው። ጋቢና ኮቱን ሳያወልቅ ሹራቡን ላውልቅ ቢል የሚሆነውን መገመት አያቅትም። መጨረሻ የተለበሰው ቀድሞ ይወልቃል። ኤችቲኤምኤልም እንደዚያው ነው፤ መጨረሻ የተከፈተው ኤለመንት ቀድሞ ይዘጋል። አንቀጽ ከፍታችሁ በውስጡ ደማቅ ጽሑፍ ከከፈታችሁ፣ አንቀጹን ከመዝጋታችሁ በፊት ደማቁን ትዘጋላችሁ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። «ከበቆጂ የመጣው ሹፌር የጫነው ስንዴ ተራገፈ» ስንል አንዱን ሐረግ በሌላው ውስጥ እየከተትን ነው። «ከበቆጂ የመጣው» ሹፌሩን ይገልጻል። ሹፌሩን ከነገላጩ የያዘው «የጫነው» ደግሞ ስንዴውን ይገልጻል። በመጨረሻ «ተራገፈ» መጥቶ ሁሉንም ይዘጋል። ማንም ሰው ይህን ሲናገር ሳጥን አይቆጥርም፤ ግን አንዱ ሐረግ ሳይዘጋ ቢቀር አድማጩ ወዲያው «ከዚያስ?» ይላል።

ሕጉ ሲከበር የሚገኘው ቅርጽ ዛፍ ነው። እያንዳንዱ ኤለመንት አንድ ወላጅ አለው፤ ከአንድ አይበልጥም። የአስተዳደር እርከንን አስቡ። ሳጉሬ በዲገሉና ጢጆ ወረዳ ውስጥ ናት፣ ወረዳው በአርሲ ዞን፣ ዞኑ በኦሮሚያ ክልል፣ ክልሉ በኢትዮጵያ። በንጉሡ ዘመን ይኸው ቦታ በጭላሎ አውራጃ፣ አውራጃው ደግሞ በአሩሲ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበር። ደርግ ሲመጣ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ። ሳጥኖቹ ተቀያየሩ፤ ሳጉሬ ግን ሳጉሬ እንደተባለች ቀረች። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

ሁለተኛው ሕግ ስለ መብት ነው፦ ማን በማን ውስጥ ይፈቀዳል? ወረዳ ዞንን አይይዝም። እንደዚሁ ዝርዝር በቀጥታ የሚይዘው የዝርዝሩን አባላት ነው፤ ሊንክ በውስጡ ሌላ ሊንክ አይይዝም፤ አንቀጽ ሌላ አንቀጽ አይይዝም። እነዚህ ክልከላዎች ከሰማይ አልወረዱም። እያንዳንዳቸው የመጡበት መንገድ አለ።

የሰነድ ቤተሰብ ሕግ

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር። ዓመቱ 1969፣ ቦታው አይቢኤም ነው። ቻርልስ ጎልድፋርብ በትምህርቱ የሕግ ሰው ነበር። ከኤድዋርድ ሞሸርና ከሬይመንድ ሎሪ ጋር ሆኖ የሚሠራው ለሕግ ቢሮዎች የሚሆን የሰነድ ሥርዓት ነው። ችግራቸው ሰነዱን የሚያስቀምጠው፣ የሚፈልገውና የሚያትመው ፕሮግራም የየራሳቸው ቋንቋ ስላላቸው አለመግባባታቸው ነበር። መፍትሔ ብለው ያመጡት ቋንቋ ጂኤምኤል ይባላል። ሦስቱ ፊደላት የሦስቱ ሰዎች የአባት ስም መነሻዎችም ናቸው።

ሐሳቡ ቀላል ቢመስልም ዛሬም ድረስ እየሠራ ነው። «ይህን ጽሑፍ አግዝፈህ መሐል አድርገው» ከማለት «ይህ ርዕስ ነው» በል። መልኩን ሳይሆን ምንነቱን ተናገር። ምንነቱ ከታወቀ አታሚው እንደ አታሚ፣ ፈላጊው እንደ ፈላጊ ይጠቀምበታል። ምንነትን መናገር ሲጀመር ደግሞ መክተት የግድ ይሆናል፤ መጽሐፍ ምዕራፍን ይይዛል፣ ምዕራፍ አንቀጽን፣ አንቀጽ ጥቅስን።

ይህ ሐሳብ አድጎ በ1986 ኤስጂኤምኤል የተባለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ኤስጂኤምኤል የሰነዱን ዓይነት የሚደነግግ ሰዋስው እንዲጻፍ ይፈቅዳል፤ በሰዋስው ውስጥ እያንዳንዱ ኤለመንት ማንን መያዝ እንደሚችል፣ በምን ተራ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይዘረዘራል። የሰነድ ቤተሰብ ሕግ በሉት።

ፒ ሳጥን ያልነበረበት ጊዜ

ቲም በርነርስ ሊ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባለው የሰርን ቤተ ሙከራ የዌብን ሐሳብ ያቀረበው በ1989 ነው። በ1991 መጨረሻ ላይ የኤችቲኤምኤልን ታጎች የሚዘረዝር አጭር ሰነድ አወጣ። ታጎቹ 18 ነበሩ። መልካቸውን የወረሱት ሰርን ውስጥ ሰዎች አስቀድመው ከለመዱት የኤስጂኤምኤል አጻጻፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። የአንቀጹ ታግ ፒ ያኔ ሳጥን አልነበረም። መለያ ነበር። ብራና ላይ አንቀጽን ከአንቀጽ የሚለየውን «፨» አስቡት፤ መጀመሪያና መጨረሻ የለውም፣ በውስጡ ምንም አይገባም፣ ዝም ብሎ መሐል ይቀመጣል። ፒም እንዲያ ነበር። ከዚያ በ1995 ኤችቲኤምኤል 2.0 ሲወጣ ፒ የሚከፈትና የሚዘጋ ሳጥን ተደረገ። ግን እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ፒን ሳይዘጋ መጻፍ ለምዷል። ስለዚህ ሕጉ ለአሮጌው ልማድ ቦታ ሰጠ፦ ፒን አለመዝጋት ይፈቀዳል።

መዝጋት ግዴታ ካልሆነ ብራውዘሩ አንቀጹ የት እንዳበቃ በምን ይወቅ? በሚቀጥለው ነገር። ሌላ ፒ ሲመጣ፣ ርዕስ ሲመጣ፣ ዝርዝር ሲመጣ፣ ወይም ዲቭ የሚባለው ትልቁ ሳጥን ሲመጣ፣ የቀድሞው አንቀጽ አብቅቷል ማለት ነው። ዛሬ ኮድ የሚማር ሁሉ «ፒ ውስጥ ዲቭ አይገባም» የሚል ሕግ ይነገረዋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይነገረውም። ምክንያቱ ይሄ ነው። ዲቭ የተከለከለው በደል ስላለበት አይደለም፤ የእሱ መምጣት ራሱ የፒ መዝጊያ ሆኖ ስለቀረ ነው። ከረሱትና ዲቩን ፒ ውስጥ ከከተቱት ብራውዘሩ ፒን ቀድሞ ይዘጋዋል። ቀጥሎ የተጻፈውን የፒ መዝጊያ ሲያገኝ የሚዘጋው የተከፈተ ነገር ስለሌለ ባዶ አንቀጽ ይፈጥርለታል። ስክሪን ላይ ከየት መጣ የማይባል ክፍተት ካያችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሞዛይክ በ1993፣ ኔትስኬፕ በ1994 ሲመጡ የመክተት ሕጉን ማንበብ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ብራውዘሮቹም ይቅር ባይ ነበሩ። ነገሩ ይገባል፤ አንድ ገጽ በአንዱ ብራውዘር ተከፍቶ በሌላው እምቢ ካለ ተጠቃሚው የሚወቅሰው የገጹን ጸሐፊ ሳይሆን ብራውዘሩን ነው። ይቅርታው ግን ወጥ አልነበረም። አንዱ የተጠላለፈውን እንዲህ ይፈታዋል፣ ሌላው እንዲያ። ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ውስጥ እየከተቱ ገጽን ማስዋብ ፋሽን በሆነበት ጊዜ ደግሞ አንድ ያልተዘጋ ሰንጠረዥ በኔትስኬፕ ላይ ሙሉ ገጹን ባዶ ያደርገው ነበር።

ፊደል በሳጥን ውስጥ

አማርኛ ዌብ ላይ የገባው በዚህ ውዥንብር መሐል ነው።

ኮምፒውተር ያኔ የግዕዝ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። ለዚህ የተዘየደው መላ ፎንት ላይ የቆመ ነበር። በፎንቱ ፋይል ውስጥ የአንድ የላቲን ፊደል ቦታ ይወሰድና የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይሳልበታል። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ያስቀመጠ ይመስለዋል፤ ዓይን ግን አማርኛ ያያል። በወረቀት ለማተም ይህ በቂ ነበር። ብዙ ደብዳቤ፣ ብዙ መጽሐፍ በዚህ መንገድ ታትሟል።

ችግሩ ቦታው መጥበቡ ነው። የዚያን ጊዜ የፎንት ፋይል 256 ቦታ ነበረው፤ ከዚያ ላይ ደግሞ ቅርጽ የማይሳልባቸው የመቆጣጠሪያ ኮዶች ይቀነሳሉ። 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው። ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፎንት ሠሪዎች ፊደሉን ለሁለት ፋይል ከፈሉት፤ ሌሎቹ ፊደልን ከቁርጥራጭ እየገጣጠሙ አወጡት። ደግሞም እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን ያስቀመጠው በራሱ ተራ ነበር። በአንዱ ፎንት «ሳ» የሆነው ቦታ በሌላው ሌላ ፊደል ነው።

ይህን ወደ ድረ ገጽ ያመጣው ፎንት የሚባለው ታግ ነው። ታጉን ያመጣው ኔትስኬፕ ነበር፤ ፎንትን በስም ለመጥራት የሚያስችለውን ተጨማሪ ያመጣው ደግሞ ማይክሮሶፍት። ጎልድፋርብ ምንነትን ተናገር ባለበት ቋንቋ ውስጥ መልክን ብቻ የሚናገር ታግ ገባ። ለሌላው ዓለም ይህ የውበት ጉዳይ ነበር፤ ፎንቱ ቢጠፋ ጽሑፉ ትንሽ ያስጠላል እንጂ ይነበባል። ለአማርኛ ግን ሳጥኑ ማንነት ነበር። በፎንት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ አማርኛ ነው፤ ያው ጽሑፍ ከሳጥኑ ሲወጣ ማንም የማያነበው የምልክት ክምር ነው።

አሁን ወደ ሳጉሬ ዓረፍተ ነገር እንመለስ። ፎንት ከፈታችሁ፣ «ሳጉሬ» ጻፋችሁ። የቁቤው ስም ሲመጣ ፎንቱን ትዘጋላችሁ፣ በላቲን ትጽፋላችሁ፣ ፎንቱን እንደገና ከፍታችሁ «ከአሰላ ወደ በቆጂ» ትላላችሁ። ፊደሉ ለሁለት ፋይል የተከፈለ ከሆነ ደግሞ በአንድ ቃል መሐል እንኳን ሳጥን መቀየር ሊኖርባችሁ ይችላል። ይህን ሁሉ የምታደርጉት አንቀጽ ውስጥ፣ አንቀጹ ሰንጠረዥ ውስጥ ሆኖ ነው። አንዱ መዝጊያ አንድ ቃል ወደኋላ ወይም ወደፊት ቢንሸራተት ጽሑፉ ይበላሻል። በየትኛው ብራውዘር ምን ያህል እንደሚበላሽ ደግሞ ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ የተጠላለፈውን የሚፈታው በራሱ ግምት ነው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እንኳን አንባቢው ያንኑ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ካልጫነ ምንም አያይም።

ሌላ መንገድ የሞከሩም ነበሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለ ሥርዓት አወጡ። የግዕዝን ፊደል በተራ የላቲን ፊደላት መወከል ነው። ፎንት ባይኖርም ጽሑፉ በኢሜይል ይሄዳል፣ ለለመደው ሰው ይነበባል፣ ፕሮግራም ሲያገኝ ወደ ፊደል ይመለሳል። መላው ብልህ ነበር። ሆኖም የላቲኑ ፊደል የት ጋ አማርኛን እንደሚወክል፣ የት ጋ እውነተኛ እንግሊዝኛ ወይም አፋን ኦሮሞ እንደሆነ ለይቶ መናገር እዚያም ግድ ነበር። የድንበሩ ጥያቄ አልቀረም።

ወይ በትክክል፣ ወይ ጨርሶ

ውዥንብሩ የሰለቻቸው ሰዎች በሌላ በኩል ጥብቅ መልስ ይዘው መጡ። በ1998 ኤክስኤምኤል፣ በ2000 መጀመሪያ ደግሞ ኤክስኤችቲኤምኤል 1.0 ወጣ። ሕጉ አጭር ነው፦ የተከፈተ ሁሉ ይዘጋል፣ በትክክለኛው ተራ ይዘጋል። አንድ ስህተት ከተገኘ ብራውዘሩ ማንበቡን ማቆም አለበት። ፋየርፎክስ ላይ ይህ ሲሆን ከጽሑፋችሁ ይልቅ ቢጫ መደብ ላይ የተጻፈ የስህተት መልእክት ትታያለች።

ለሐሳቡ ፍትሐዊ እንሁን። ጥብቅነቱ የመጣው ከንቀት አይደለም። ሁሉም በትክክል ከጻፈ ስልክም፣ ማየት ለተሳናቸው የሚያነብ ፕሮግራምም፣ ገና ያልተፈጠረ መሣሪያም ገጹን ሳይገምት ይረዳዋል የሚል ተስፋ ነበር። ነገር ግን ቅጣቱ የሚወድቀው በማን ላይ ነው? በአንባቢው ላይ። ጸሐፊው አንድ መዝጊያ ረሳ፤ የሳጉሬን ዓረፍተ ነገር ሊያነብ የመጣው ሰው ምንም ሳያነብ ተመለሰ። በዚያ ላይ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እስከ 2011 ድረስ እውነተኛውን ኤክስኤችቲኤምኤል አይቀበልም ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ገጹን በጥብቁ ሕግ ጽፎ በልቅ ኤችቲኤምኤል ስም ይልከው ነበር። ሕጉ ወረቀት ላይ ቀረ።

በ2002 ኢያን ሂክሰን ጠቃሚ ሙከራ አደረገ። አንድ ዓይነት የተጠላለፈ ኮድ ለተለያዩ ብራውዘሮች ሰጥቶ የሠሩትን ዛፍ ተመለከተ። እያንዳንዱ የሠራው የተለያየ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የሠራው እንዲያውም ዛፍ አልነበረም፤ አንድ ልጅ በሁለት ወላጅ ሥር ይገኝ ነበር። ይቅርታ ነበረ፤ የይቅርታው ሕግ ግን አልነበረም።

በ2004 የዌብን ደረጃዎች በሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ ስብሰባ ላይ ሞዚላና ኦፔራ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ኤችቲኤምኤልን አፍርሰን ከምንሠራ፣ ካለበት እናሻሽለው። ድምፅ ተሰጠ፤ 8 ለ14 ተሸነፉ። ብዙም ሳይቆዩ ከአፕል ጋር ሆነው ዋትውግ የሚባለውን ቡድን አቋቋሙ። ሂክሰን አርታኢ ሆነ። የቡድኑ ትልቁ ሥራ አዳዲስ ታግ መጨመሩ አይመስለኝም። የተበላሸውን ኮድ ሁሉም ብራውዘር በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያነበው፣ የማንበቡን ሥራ ደረጃ በደረጃ መጻፋቸው ነው። ይህ ሥራ ያለበት ኤችቲኤምኤል 5 በ2014 በደብሊው ስሪ ሲ ጸደቀ።

የብራውዘሩ ጉዲፈቻ

በዚያ ሰነድ ውስጥ ለተጠላለፉ ሳጥኖች የተጻፈው ስልት ስም አለው። በአማርኛ ስናወጣው «የጉዲፈቻ ድርጅት አልጎሪዝም» ነው። ስሙን ያገኘው ኤለመንቶች ወላጅ እንዲቀይሩ ስለሚያደርግ ነው።

ይህን ቃል አማርኛ ከየት እንዳመጣው የአርሲ ሰው አይጠፋውም። ጉዲፈቻ ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ነው። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ከአብራክ ልጅ እኩል መብት አለው፤ እንግዳ ሆኖ ዳር አይቀመጥም። ቃሉ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ውስጥ አለ። ሰነዱን የጻፉት ሰዎች ይህን ማወቃቸውን እጠራጠራለሁ። ቃላችን ግን ሐሳባቸውን ከእነሱ ቃል በላይ ይገልጸዋል።

እንዴት እንደሚሠራ በሳጉሬ እንየው። ፎንት ተከፈተ፤ «ሳጉሬ» ተጻፈ። ፎንቱ ሳይዘጋ አንቀጽ ተከፈተ፤ «አርሲ» ተጻፈ። ከዚያ አንቀጹ ሳይዘጋ ፎንቱ ተዘጋ፤ የቁቤው ስም ተጻፈ፤ በመጨረሻ አንቀጹ ተዘጋ። ኮቱን ሳያወልቁ ሹራብ ማውለቅ ማለት ይሄ ነው። አንቀጹ የተወለደው በፎንት ውስጥ ነው፤ ወላጁ ግን ቀድሞት ተዘጋ። ጥብቁ ሕግ ገጹን በሙሉ ይጥለዋል። የጉዲፈቻው ስልት እንዲህ ያደርጋል፦ አንቀጹን ከፎንቱ አውጥቶ የገጹ አካል ለሆነው ለቦዲ ይሰጠዋል። ከዚያ የፎንቱን ቅጂ በአንቀጹ ውስጥ ሠርቶ «አርሲ» የሚለውን ብቻ ይከትበታል። የቁቤው ስም ከፎንቱ ውጭ ሆኖ አንቀጹ ውስጥ ይቀራል። አማርኛው አማርኛ ሆነ፣ ቁቤው ቁቤ ሆነ፣ የተጣለ ፊደል የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሁሉም ብራውዘር ውጤቱ አንድ ነው።

ስልቱ ለሁሉም ኤለመንት አይደለም። የሚሠራው መልክ ሰጪ ተብለው ለተዘረዘሩ 14 ታጎች ነው፤ ፎንት ከእነሱ አንዱ ነው። ገደብም አለው፤ ዋናው ዙር ከ8 ጊዜ በላይ አይዞርም፣ ማለቂያ የሌለው ጥልፍልፍ ኮምፒውተሩን እንዳያደርቀው። አንድ ዓይነት ታግ ሳይዘጋ ደጋግሞ ቢከፈት ደግሞ ብራውዘሩ የሚያስታውሰው ሦስቱን ብቻ ነው። ሰነዱ ይህን የኖህ መርከብ አንቀጽ ይለዋል፤ ከየወገኑ ሁለት ሳይሆን ሦስት የሚገባበት መርከብ። ሰንጠረዥ ውስጥ በማይገባው ቦታ የተጻፈ ቃል ካለም አይጣልም። «አሳዳጊ ወላጅ» ይፈለግለትና ከሰንጠረዡ በፊት ይቀመጣል።

ጉዲፈቻ ያልፈታው

እዚህ ላይ ታሪኩ በደስታ ያበቃ ይመስላል። አላበቃም። የ1990ዎቹን አማርኛ ገጽ ዛሬ ብትከፍቱት ብራውዘራችሁ የተጠላለፉትን ሳጥኖች በሥርዓት ይፈታቸዋል። ወላጅ ያጣው ወላጅ ያገኛል። ዛፉ ፍጹም ይሆናል። ጽሑፉ ግን አሁንም አይነበብም፤ ሳጥኑ የሚጠራው ፎንት ኮምፒውተራችሁ ላይ የለምና። በፍለጋም አታገኙትም። «ሳጉሬ» ብላችሁ ብትፈልጉ ኮምፒውተሩ የሚያየው በላቲን ምልክት የተጻፈ ሌላ ነገር ነው። ጉዲፈቻ ለልጅ ወላጅ ይሰጣል፤ ስም ግን ልጁ ይዞት መምጣት አለበት።

ስሙን የሰጠው ዩኒኮድ ነው። በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል 345 ምልክት አድርጎ አስገባ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ሀ 4608 ነው። ሳ 4659፣ ጉ 4873፣ ሬ 4652። እነዚህን ቁጥሮች ማንም የላቲን ፊደል አይጋራቸውም። ሳጥኑ ቢሰበር፣ ፎንቱ ቢቀየር፣ ጽሑፉ ከገጽ ወደ ቴሌግራም ቢገለበጥ ሳ ሳ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይሄ ነበር፤ ሳጉሬ ጭላሎ አውራጃ ውስጥ ሆነች አርሲ ዞን ውስጥ፣ ሳጉሬ እንደሆነችው ማለት ነው።

ቁጥር ብቻውን ግን አይታይም፤ ቅርጽ ያስፈልገዋል። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ የዩኒኮዱን ፊደል የሚያሳይ ፎንት ከነራሱ ይዞ መጣ። ስሙ ኒያላ ነው፤ የተሰየመው በኢትዮጵያ ብቻ በሚገኘው በደጋ አጋዘን ነው። አጋዘኑ ዛሬም ከሳጉሬ በላይ ባሉት በጭላሎና በጋላማ ተራሮች ይኖራል። ተጠቃሚው ፎንት ፈልጎ መጫን ሳያስፈልገው፣ ጸሐፊው ሳጥን ሳይቆጥር፣ አማርኛ በዊንዶውስ ላይ እንደማንኛውም ጽሑፍ መነበብ ጀመረ።

ለሳጥን የሳጥንን

ታዲያ ፊደሉ ራሱን ከቻለ መክተት ለምን ይጠቅማል? ለተፈጠረበት ሥራ። ዩኒኮድ «ሰላም» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ያውቀዋል፤ አማርኛ ይሁን ትግርኛ ግን አያውቅም፤ ፊደሉ አንድ ነዋ። ቋንቋውን የሚናገረው ሳጥኑ ነው። በአንቀጹ ላይ ላንግ የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ አማርኛ መሆኑን ትነግሩታላችሁ። በውስጡ ያለ ሁሉ ይወርሳል። የቁቤውን ስም በስፓን ትከብቡትና አፋን ኦሮሞ መሆኑን ትነግሩታላችሁ። ያን ጊዜ ማየት ለተሳነው ሰው የሚያነበው ፕሮግራም የቋንቋው ድምፅ ካለው ስሙን እንደ ቋንቋው ሊጠራው ይችላል።

ይሄ ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ብራውዘሩ ስለማይቆጣ፣ ገጹም ስለማይበላሽ ማንም አይጠይቀንም። ላንግ ሳይጻፍ የቀረ ገጽ ለሚያይ ሰው ፍጹም ነው፤ የሚጎዳው በጆሮው የሚያነበው ሰው ነው። የአማርኛ ይሁን የኦሮምኛ ገጽ ከእንግሊዝኛ ማዕቀፍ ተቀድቶ ሲሠራ ላይኛው ሳጥን «ይህ እንግሊዝኛ ነው» እያለ ሊቀር ይችላል፤ ከታች ያለው ሁሉ ይህን ይወርሳል።

ሃያ ምናምን ዓመት የፈጀው ክርክር የለየው ሁለት ነገር ነው። ፊደል መሆን የፊደሉ የራሱ ነው፤ ከማንም ሳጥን አይለመንም። የየትኛው ቋንቋ፣ የየትኛው አንቀጽ፣ የየትኛው ርዕስ ነው የሚለው ደግሞ የሳጥኑ ነው። የመጀመሪያው በ1999 ተፈቷል። ሁለተኛውን ብራውዘር ሊያስተካክልልን አይችልም፤ ወላጅ ላጣ ኤለመንት ወላጅ ያገኝለታል፣ ያልነገርነውን ቋንቋ ግን ከየት ያምጣው? የሳጉሬን ስም በሁለቱም ቋንቋ የምትጽፉ ከሆነ ሁለቱንም ሳጥኖች ጻፏቸው። አንዲት አጭር ምልክት ናት፤ ላይኛዋ አማርኛ የምትል፣ ውስጠኛዋ አፋን ኦሮሞ የምትል።